ቁልፍ ለአባዬ ዋሽንት

«ለዋሽንት ቁልፍ ትሠራለህ?»

ቁልፍ ሠሪው የሚጮኸውን ማሽን አጥፍቶ ቀና አለ። ከጀርባው ያለው ግድግዳ የበር፣ የሳጥንና የመኪና ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

«ሳጥኑ ተቆልፎብሽ ነው?»

«ሳጥኑ አይደለም። ራሱ ዋሽንቱ ነው።»

«ዋሽንቱ ተቆለፈብሽ?»

ሚጣ በነጭ ፎጣ የጠቀለለችውን ጥቁር የእንጨት ዋሽንት ከቦርሳዋ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ይቺን ቀዳዳ አየሃት? ጣቱ አልታዘዝ ላለው ሰው ነው። በአውራ ጣቱ እዚህ ጋ ሲጫን እዚያ ጋ የምትዘጋለት ትንሽ የብረት ክዳን ነው የምፈልገው። እሷን ነው ቁልፍ የሚሏት።»

«ቀዳዳዋን ለመዝጋት ከሆነማ ምን አስጨነቀሽ? ማስቲሽ አለኝ፤ በነፃ እደፍንልሻለሁ።»

ዋሽንቱን አፈፍ አድርጋ ወጣች።

መንገድ ላይ የጠየቀቻቸው ሴትዮ ደግሞ «ቁልፍ ከፈለግሽማ ያውልሽ» ብለው ወደ ማዶ ጠቆሟት። ክርና ዚፕ መሸጫ ነበር። ባለሱቋ አንድ ካርቶን ሙሉ የሸሚዝ ቁልፍ ፊቷ ዘረገፈችላት።

«ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው ባለ አራት?»

«ባለ ስድስት» አለች ሚጣ፤ ሐሳቧ ዋሽንቱ ላይ ነበር።

«ባለ ስድስት ቀዳዳ ቁልፍ እንኳን ልሸጥ አይቼም አላውቅ!»

አናጢው ጋ ስትሄድ ዋሽንቱን በብረት ሞርሳ ሊያስረው ሲል እጁን ያዘችው። ብየዳ ቤት ያሉት ከሩቅ አይተው ሳቁ። እግሯ ሲዝል አንድ ሰዓት ጠጋኝ ሽማግሌ ጋ ደረሰች። ሽማግሌው መነፅራቸው ላይ ሌላ መነፅር ደርበው ዋሽንቱን አገላበጡት።

«የማን ነው?»

«የአባቴ።»

አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። በአንድ ጠዋት ስትሮክ መቷቸው አልጋ ላይ ወደቁ፤ እግራቸው እንደምንም ተመለሰ። ንግግራቸው ግን ተዘበራርቆ ቀረ። ጫማቸውን «ሰዓት»፣ ዋሽንታቸውን «ብዕር» ይላሉ። ከግራ እጃቸው የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት አሁንም አይታዘዙም። በፊት ከችሎት ሲመለሱ ካባቸውን ሳያወልቁ ዋሽንቱን ያነሱ ነበር። አሁን በየቀኑ «ብዕሬን አምጪልኝ» ይላሉ፤ ሲያመጡላቸው ይነፋሉ፣ በዚያች ቀዳዳ ትንፋሹ ያፈተልካል፣ ዋሽንቱን ጭናቸው ላይ አድርገው መስኮት መስኮት ያያሉ። «ቁልፍ ይግጠምለት» ብሎ የመከራት አንድ የሙዚቃ መምህር ነበር። ማን እንደሚገጥመው ግን መምህሩም አያውቅም።

«ልጄ፣ ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ክዳኗ በልኳ ቀልጣ መፍሰስ አለባት። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ብረት የሚያፈስ አንድ ሰው ነው የማውቀው። ከሆስፒታሉ ጀርባ ፎቁ ላይ ጥርስ የሚሠራው፣ ዶክተሩ።»

ሚጣ ክው አለች።

«እሱ ዶክተር አይደለም» አለች ሳታስበው።

«እሱስ አይደለም፤ አገሩ ሁሉ እንዲያ ስለሚለው ነው። ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«ኧረ አላውቀውም።»

ከሱቁ ወጥታ ጥግ ላይ ቆመች። ለምን እንደዋሸች ለራሷም አልገባት አለ። እጇ ዋሽንቱን አጥብቆ ይዟል።

ታውቀዋለች እንጂ፤ እንዴት አታውቀውም!

መጀመሪያ ያየችው እሷ በምትሠራበት ፋርማሲ ነው። የተቃጠለ ጣቱን ይዞ መጣ፤ ቅባት ቀባችለት። በሌላ ሳምንት ሌላ ጣቱን አቃጥሎ መጣ። እንደገና ሲመጣ ጣቱ ላይ ምንም አልነበረም። «የቱ ጋ ነው የተቃጠልከው?» ብትለው ፊቱ ቀላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም በእግራቸው ሳይሆን በአየር ላይ መሄድ ጀመሩ።

ነጭ ጋውን ስለማይለየው ሰፈሩ «ዶክተር» እያለ ይቀልድበት ነበር፤ እሷም በስልክ «እሺ ዶክተርዬ» ትለው ነበር። እናቷ ይህንን ሰምታ እውነት መሰላት። ለአባቷ ነገረች። አባቷም ተደሰቱ። ሚጣ «ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ» ስትል ልጁ ለምሳ ተጠራ።

«የትኛው ሆስፒታል ነህ ዶክተር?» አሉት ዳኛው።

እሱ ወደ ሚጣ ዞረ። እንድትናገር ጠበቃት። ሚጣ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች።

«ዶክተር አይደለሁም ጋሼ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የምሠራው።»

«በሐሰት ማዕረግ ዳኛ ቤት ገብተህ ማዕድ ትቀርባለህ?» የአባቷ ድምፅ የችሎት ድምፅ ነበር።

«እሷ ታውቃለች» ማለት ይችል ነበር፤ ግን አላለም። ስለ ምግቡ አመስግኖ ተነሣ፤ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ሚጣ አሁንም ሳህኗን ታያለች። ምነው አልተነሣሁ፣ ምነው አልተከተልኩት እያለች ዓመታት አለፉ። ከማለት በቀር ግን አንድ ቀንም ሄዳ በሩን አላንኳኳችም።

አሁን ፎቁ ላይ የእሱ በር ፊት ቆማለች። ከተማውን ሙሉ ስትዞር የዋለችው እዚህ ላለመምጣት ይሁን ለመምጣት መለየት አቃታት።

ክፍሉ ሰምና ጄሶ ይሸታል። መደርደሪያው ላይ የጄሶ መንጋጋዎች በረድፍ ተቀምጠው ሁሉም ይስቁባታል። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ በትንሽ ነበልባል ላይ ሰም እያለሰለሰ ነበር። ዞሮ አያት። ነበልባሉን አጠፋ።

«እንደምን ዋሉ? ምን ልታዘዝ?»

«ዋሉ» የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ላይ ቀረች። ስትስቅ ትከሻው ላይ ትደገፍ የነበረች ሴት ዛሬ አንቱ ተባለች።

«ደህና... ደህና ነህ? ማለቴ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ይቀመጡ።»

ዋሽንቱን ሰጥታ የፈለገችውን አስረዳች። እሱ ሳያቋርጣት ሰማ። ቀዳዳዋን በጣቱ ጫፍ ዳሰሳት፤ እንጨቱን ወደ ብርሃን ያዘው። «አሮጌ ነው፤ ደርቋል። ክዳኗን የሚሸከሙት ሁለት ትንንሽ ምሰሶዎች እንጨቱ ውስጥ መጥለቅ አለባቸው። ትንሽ ከተሳሳትኩ ይሰነጠቃል። ይወቁት።»

«አውቃለሁ።»

ከዚያ ዓይኑን ከዋሽንቱ ሳያነሣ «ባለቤትስ?» አላት።

«እቤት ነው። ግራ እጁ አልታዘዝ ብሎት ከቤት አይወጣም።»

እሷ የመለሰችው ስለ ዋሽንቱ ባለቤት ነው። እሱ የጠየቃት ስለ ባሏ ነበር። ታናሽ እህቷ ስታገባ «የዳኛው ልጅ ተዳረች» የሚል ወሬ ደርሶት፣ የተዳረችው ሚጣ መስላው ዓመታቱን በዚያው ቆርጦ ኖሯል። ሚጣ ይህን ከየት ታውቃለች? የ«አባቴ ነው» ቃል ከአንደበቷ አልወጣ ብሏት፣ ስሙን ሳትጠራ በማለፏ እፎይ እያለች ነበር።

«እግዜር ይማረው» አለ ቀስ ብሎ። «እጁን ሳላይ ግን መሥራት አልችልም። ቤት መጥቼ ልለካው። የት ነው?»

«ያው ቤት ነው።»

«ያው?»

«ያው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ቤተሰብ ጋር ተጠቃልላ የምትኖር ባለትዳር፣ የታመመ ባሏን ደስ ለማሰኘት ከተማ ታስሳለች፤ ለእሱ እንዲህ ነበር የገባው። እሷ ደግሞ ያ ቤት ያዋረደው ቤት ስለሆነ የጠቆረ መሰላት። ደረጃውን ስትወርድ መሃል ላይ ቆማ ግድግዳ ተደገፈች። «እመጣለሁ» ብሏታል፤ ለምን ታዲያ እንደተሰናበተችው ያህል ሆድ ባሳት?

«ማነው ያልሽኝ?» እናቷ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ሰማሽ እኮ እማዬ።»

«ያ ልጅ? እዚህ ቤት? ምን ብለን ነው ዓይኑን የምናየው?» እናቷ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «አባትሽስ ያስታውሰው ይሆን?»

«እሱን እኮ ነው የማላውቀው።»

እውነትም ማንም አያውቅም። ዳኛው አንዳንድ ቀን የልጅነት ጓደኛቸውን ስም ከነአያቱ ይጠራሉ፤ አንዳንድ ቀን ሚጣን በእህቷ ስም ይጠሯታል። እናትና ልጅ ቤቱን ሁለት ጊዜ አጸዱት፤ የሚጸዳ ነገር ግን አልነበረም። የሚያስጨንቃቸው መጥረጊያ የሚያነሣው ነገር አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቦርሳ ይዞ መጣ። እናቷ በሩን ከፍታ «ግባ... ይግቡ» ብላ ተንተባተበች። እሱ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። ከዚያ ሳሎኑን ቃኘ፤ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ዳኛ አሳልፎ ወደ ጓዳው በር አየ፤ እንደገና ወደ መስኮቱ አየ።

«ታማሚው የት ነው?»

«አባዬ ነው እኮ» አለች ሚጣ።

«አባትሽ? ባለቤቱ እቤት ነው አላልሽኝም?»

አንቺ አላት። ሁለቱም ሰሙት።

«የዋሽንቱ ባለቤት ነዋ! አንተ የማንን ባለቤት ነው የጠየቅከኝ?»

«የአንቺን ነዋ።»

«የእኔን? እኔ መቼ አገባሁና?»

«ተዳረች ብለው...»

«እህቴ ናት የተዳረችው!»

እናቷ አፏን በመዳፏ ያዘች። እሱ ቦርሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፤ መልሶ አዛወረው። ሊስቅ ይሁን ሊቆጣ ፊቱ ላይ አይነበብም። እንደገና ወደ ዳኛው ሲዞር ደግሞ ሌላ ነገር ገባው፦ ለባሏ መስሎት የተቀበለው ሥራ፣ ከዚያ ማዕድ ላይ ላስነሡት ሰው ኖሯል። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሸሸ። ሚጣ ያቺን እርምጃ አየቻት፤ ነፍሷ አብራት ሸሸች።

በዚህ ጊዜ ዳኛው ቀና አሉ። የእንግዳውን ፊት ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ዶክተሩ መጣ?» አሉ።

ሚጣ እንግዳውን አየችው፤ እሱ ደግሞ እሷን አላያትም፤ ወለሉን ነበር የሚያየው። ዛሬ ከእሷ ምንም አይጠብቅም። አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው።

«አባዬ፣ ዶክተር አይደለም።» ወደ አባቷ ወንበር ተጠጋች። «ጥርስ ነው የሚሠራው። ያኔም አልዋሸህም፤ እኔ ነኝ ዝም ብዬ ውሸታም ያስመሰልኩት። ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ስትቆጣው እንኳን አውቅ ነበር። እኔ ስለፈራሁ እሱ ብቻውን ተዋረደ።»

ዳኛው ዓይናቸውን ወደ ልጃቸው አመጡ፤ ወደ እንግዳው መለሱ። ግንባራቸው ተሸበሸበ። ሁሉም የችሎቱን ድምፅ ጠበቀ።

«አውቀዋለሁ» አሉ። «ሚጣ የምትወደው ልጅ ነው።» ትንሽ አሰቡ። «ታዲያ ምን ሆኖ ነው እስከ ዛሬ የጠፋው?»

እናቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያን ምሳ ስትሮኩ ከአእምሯቸው ጠርጎ ወስዶት ነው? ወይስ ኩሩ ሰው ይቅርታ ሲል እንዲህ ነው የሚለው? ሚጣ የአባቷን ፊት ብትመረምር ብትመረምር አንዱንም አላገኘችበት።

«እኔ ስላልጠራሁት ነው አባዬ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከብዙ ጊዜ ወዲህ አንድም ቃል ሳትዛነፍባቸው «ክዶ ያልተከራከረ እንዳመነ ይቆጠራል» አሉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ግራውን አንሥቶ ወደ ልጁ ዘረጋው። «ይኸው። ሥራህን ቀጥል።»

ማን ምን እንዳመነ፣ ለማን እንደተፈረደ ለማንም አልገባም። ልጁ ግን ቦርሳውን አስቀምጦ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። ሮዝ ሊጥ የሚመስለውን የልክ መውሰጃ ለወሰ፤ ዋሽንቱ በሚያዝበት አኳኋን ጣቶቻቸውን ዘንግ ላይ አስያዛቸውና ሊጡን ዙሪያውን ጠቀጠቀ።

«እንዳያንቀሳቅሱት ጋሼ።»

«ጥርሴን ነው የምትሠራው?»

«ጣትዎን ነው።»

«ጣት ነው እንዴ ያለቀብኝ?» አሉ ዳኛው ተገርመው፤ ልጁ ሳይወድ ሳቀ። ሚጣ ያንን ሳቅ ስትሰማ ጓዳ ገባች። ቧንቧውን ከፍታ፣ ውኃው ዝም ብሎ ሲወርድ እያየች ቆመች። ማልቀስ ነበር የፈለገችው፤ ከአፏ የወጣው ግን ሳቅ ነበር፤ እንባዋም አብሮ ወረደ።

ዋሽንቱን ይዞ የተመለሰው በሌላ ቅዳሜ ነው። እንጨቱ አልተሰነጠቀም። ከነጭ ብረት የፈሰሰች ጠማማ ክንድ ከአውራ ጣት ሥር ተነሥታ ወደ ቀዳዳዋ ትሄዳለች፤ ጫፏ ላይ ክብ ክዳን አለች፣ ከሥሯ ስስ ቆዳ ተለጥፎባታል። ስትለቀቅ የምታነሣት ሽቦ ሰው ሠራሽ ጥርስ ድድ ላይ የሚይዝበት ሽቦ ነው። የክንዷ መጨረሻ የአባቷ አውራ ጣት ቅርጽ ታትሞባታል። ሚጣ ጣቷን አስገባችበት፤ ሰፋት።

ዳኛው ነፉ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ልጁ ዋሽንቱን ተቀብሎ ቆዳውን ትንሽ አቃና፤ መለሰላቸው። ነፉ፤ አሁንም ትንፋሽ። እናቷ ዓይኗን ጨፈነች። «አይዞዎት፣ ጫን ያድርጉት» አላቸው ልጁ። አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ክዳኗ ተከደነች፤ አንድ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ዳኛው ደንግጠው ዋሽንቱን ከአፋቸው አነሡ። ማን ነው የነፋው ብለው የሚጠይቁ ይመስል ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ እንደገና አፋቸው ላይ አደረጉት፤ ዜማው እየተቆራረጠ፣ እየተሳሳተ፣ እየተመለሰ ቀጠለ። ማንም እንዲያቆሙ አልፈለገም።

ሚጣ እስከ ታክሲው ማቆሚያ ሸኘችው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ አላስቻላትም።

«ያኔ እኔ አውቅ እንደነበር ለምን አልተናገርክም?»

«ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ።»

«ተናገርኩ እኮ።»

«ዘገየሽ።»

«አውቃለሁ።» አለች። «በጣም ዘገየሁ። ብትጠላኝም አልፈርድብህም።»

«መጥላትስ ጠልቼሽ ነበር።» ወደ መንገዱ እያየ ነው የሚናገረው። «ባለትዳር ነሽ ብዬ ሳስብ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር። በሐሳቤ ከባልሽ ጋር ስንቴ ተጣላሁ መሰለሽ። አሁን የምጣላው ሰው የለኝም። አባትሽም ‹ምን ሆኖ ነው የጠፋው› ሲሉኝ ንዴቴን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ። ቤት ሄጄ ፈለግኩት፤ የለም።»

«ታዲያ አሁን ምንድን ነው ያለህ?»

«እኔ እንጃ። ግራ ገብቶኛል ሚጣ።»

ስሟን ጠራት።

«እኔም» አለች። «ሂድ ልበልህ ቆይ ልበልህ አላውቅም። ቆይ ለማለት መብት ያለኝ አይመስለኝም።»

«ሂድስ ማለት ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

ታክሲ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ትገባላችሁ?» አላቸው። ልጁ እጁን በሩ ላይ አደረገ። ከዚያ እጁን አነሣ።

«ሌላ ይመጣል» አለ።

ሌላም መጣ። «ይሄ ሞልቷል» አለች ሚጣ፤ ከኋላ ሁለት ባዶ ወንበር ይታይ ነበር። እሱም አይቶታል፤ አልተከራከራትም። ታክሲው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ፣ ወዴትም ሳይሄዱ ቆሙ። ሚጣ ደረቷን የሞላው ነገር ደስታ ይሁን ፍርሃት ልትለየው ሞከረች፤ አልሆነላትም። እንዲህ ሞልቶ ይቆይላት እንጂ፣ ምንነቱ ባይለይላትም ግድ አልነበራትም።